ወደ ቀኝ የምታዘነብለው መንኮራኩር

ፌንጣ የዐሥር ዓመት ልጅ ናት። እውነተኛ ስሟ ሌላ ነው። አንድ ቦታ ረግታ መቀመጥ ስለማትችል ወንድሟ «ፌንጣ» አላት፤ ሰፈሩም ስሙን ወደደውና እሱው ቀረ። ታሪኩን እንድነግራችሁ የፈቀደችልኝ ራሷ ናት፤ ስለዚህ ማናት እያላችሁ ዙሪያችሁን አትቃኙ።

ቤታቸው ከመንገድ ዳር ነው። የፊቱ ክፍል የእናቷ የልብስ ስፌት ቤት ሲሆን የኋላው መኖሪያቸው ነው። ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪናው ድምፅ ይሰማል። በዚያ ቤት የላላ ነገር ሁሉ በላስቲክ ይታሰራል። የቁም ሣጥኑ በር አልዘጋ ካለ በላስቲክ ነው። የቦርሳ ዚፕ ከተበላሸም በላስቲክ ነው። አባታቸው የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ከመንገድ ሲመለስ «አንድ ቀን እኔንም በላስቲክ ታስሩኛላችሁ» ይላል። እናታቸው ደግሞ «ብናስርህማ ቤትህ ትቀመጥ ነበር» ትለዋለች።

የፌንጣ ወንድም ትልቅ ልጅ ነው። የቤት ንድፍ መሳል ይማራል። ያለ ማስመሪያ ቀጥ ያለ መስመር ሲያሰምር መምህሩ ሌሎቹን ተማሪዎች ጠርተው ያሳዩ ነበር። ታዲያ አንድ ቀን ከብስክሌት ወደቀና የቀኝ እጁ አንጓ ተሰበረ። ጄሶው ሲፈታ እጁ የሌላ ሰው እጅ መሰለ። ቀጥኗል። ብርጭቆ ሲያነሣ ይንቀጠቀጣል። እርሳስ ሲይዝማ ነገሩ ባይነሣ ይሻላል።

«እጅህን በየቀኑ አሠራው» አለችው የእጅ ሐኪሟ። «የምትወደውን ነገር እየሠራህበት ቢሆን ደግሞ አይሰለችህም።»

እሱ የሚወደው በኮምፒውተር የጠፈር መንኮራኩር ማብረር ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ የሚያበርረው ቁልፎች እየተጫነ ነበር። «በጆይስቲክ ብጫወትስ?» ብሎ ጠየቃት።

ሐኪሟ ትንሽ አሰበች። «ይሆናል። ግን ጠንካራ እንዳይሆን። ስትጫወትም ጭብጥ አድርገህ ያዘው እንጂ ቶሎ ቶሎ አትልቀቀው።»

ጆይስቲክ የማታውቁ ትኖራላችሁ። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ መንጃ ነው፤ እንደ መኪና ማርሽ ዘንጉ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ዘንጉን ወደ ግራ ስትገፉት መንኮራኩሯ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ስትገፉት ወደ ቀኝ ትዞራለች።

ቅዳሜ ጠዋት ወንድምና እህት ሊገዙ ሄዱ። ባለሱቁ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉ አዛውንት ናቸው።

«ለምን ዓይነት ጨዋታ ነው ልጄ?»

«ለጠፈር ነው።»

«እንግዲያው ዘንጉ የሚጠማዘዝ ይሁንልህ። ጠፈር ላይ መንገድ የለም፤ ላይና ታችም የለም። በሁሉም በኩል መዞር መቻል አለብህ» አሉና ሦስት ዓይነት አወጡ።

የመጀመሪያው ጥቁርና ትልቅ ነበር። ቀይ መብራት ያበራል። የፌንጣ ዐይን እዚያው ተተከለ። ወንድሟ ግን ገፋ አድርጎ ሲሞክረው ስፕሪንጉ ከበደውና እጁ ተንቀጠቀጠ። ሁለተኛው ለስላሳ ነበር፤ ነገር ግን መሃሉ ላይ ይዋልላል። ሦስተኛው ግራጫና ትንሽ ነበር። መብራት የለውም። ወንድሟ ጨበጠው፤ ወደ ጎን ገፋው፤ ሲለቀው ዘንጉ ራሱ ቀስ ብሎ ወደ መሃል ተመለሰ።

«ይሄ ነው» አለ።

«ይሄ? ማማሰያ ነው እኮ የሚመስለው» አለች ፌንጣ።

«ይምሰል። እኔ የምፈልገው እጄ የሚችለውን ነው።»

ባለሱቁ ዕቃውን ካርቶኑ ውስጥ እየመለሱ አንድ ነገር ነገሩት። «ስትገጥመው መጀመሪያ መሃሉን ለኮምፒውተሩ ታሳየዋለህ። ስክሪኑ ላይ መስቀለኛ ምልክት ያለበት የእጅ ሥዕል ሲመጣ ዘንጉን ልቀቅ። ምንም ነገር አይንካው። ያን ጊዜ ዘንጉ የቆመበትን ቦታ ኮምፒውተሩ መሃል ብሎ ይይዛል። ከዚያ ወዲያ እሱኑ ነው የሚያምነው።»

ፌንጣ ይህን አልሰማችም። ገና ከቀዩ መብራት ጋር ነበረች።

ቤት ሲደርሱ ወንድሟ ወደ ሐኪሟ የሚሄድበት ሰዓት ደርሶ ነበር። ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «እስክመጣ እንዳትነኪው። አብረን እንገጥመዋለን።»

«እሺ።»

«እሺ ምን?»

«እሺ፣ አልነካም።»

እሱ ወጣ። እሷ ተቀመጠች። ተነሣች። ካርቶኑን አየችው። «ከፍቼ ብቻ ልየው» አለች። ከፈተችው። «ብቻ አንዴ ልያዘው።» ያዘችው። «ገመዱን ብቻ ልሰካው።» ልጆች፣ «ብቻ» ከምትባል ቃል ተጠንቀቁ፤ ትንሽ ትመስላለች፣ ስንቱን ይዛ ነው የምትገባው። አንተ ከኋላ ያለኸው ደግሞ ሳቅህን ዋጥ አድርግ፤ አንተም ብትሆን ትከፍተው ነበር።

ገመዱን ሰካችው። ኮምፒውተሩ ነቃና በማታውቀው ቋንቋ ይጠይቃት ጀመር። እሷም ሳታነብ ቀጥል፣ ቀጥል እያለች ተጫነች። አንድ ችግር ግን መጣ። ጠረጴዛው ጨርቅ ለብሷልና ጆይስቲኩ እየተንሸራተተ አስቸገራት። የልብስ ሰፊ ልጅ መቼም መላ አታጣም። ከእናቷ ሳጥን ላስቲክ አመጣች፤ አንዱን ጫፍ ዘንጉ ላይ ጠመጠመችው፣ ሌላውን በግራ በኩል ካለው የጠረጴዛ እግር ጋር አሰረችው። ጆይስቲኩ ረጋ። ዘንጉ ግን ወደ ግራ ትንሽ ተጎትቶ ነበር፤ ለዐይን እምብዛም አይታወቅም። መስቀለኛ ምልክት ያለበት የእጅ ሥዕል ሲመጣ ፌንጣ በታዛዥነት እጇን አነሣች። ላስቲኩን ግን አላነሣችም።

ኮምፒውተሩም ያን የተጎተተ ቦታ መሃል ብሎ ያዘ። ከዚያ ወዲያ ዘንጉ ቀጥ ብሎ ሲቆም ለኮምፒውተሩ ወደ ቀኝ እንደተገፋ ነው።

ትንሽ እንዳበረረች የእናቷ የስፌት መኪና ድምፅ ቆመ። ፌንጣ ደነገጠች። ላስቲኩን ፈታች፣ ገመዱን ነቀለች፣ ሁሉንም ወደ ካርቶኑ መለሰች። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ ነው።

ወንድሟ ተመልሶ ጆይስቲኩን ሲሰካ ኮምፒውተሩ ምንም አልጠየቀውም። «ይሄ ነገር ራሱ ዐወቀው እንዴ?» አለ። «ፌንጣ፣ ነክተሽዋል?»

«ኧረ እኔ አልነካሁም» አለች፣ ዐይኗን በጨው አጥባ።

እሱም አመናት። ወንድም እህቱን ካላመነ ማንን ያምናል?

ጨዋታው ሲጀመር መንኮራኩሯ በጠፈር ላይ ወዳለ ጣቢያ ትሄዳለች። በጠባብ በር ቀጥ ብላ መግባት አለባት። ወንድሟ ዘንጉን ጭብጥ አድርጎ ያዘ። መንኮራኩሯ ወደ ቀኝ አዘነበለች። መለሳት። እንደገና አዘነበለች። ከበሩ ጎን ካለው ግድግዳ ጋር ተላተመች።

«መጀመሪያ ነው» አለ። በማግሥቱም እንደዚያው ሆነ። በሦስተኛውም ቀን። ጠፈር ላይ የሚያስቆም አየር የለምና መዞር የጀመረች መንኮራኩር እጅ ቢለቃትም መዞሯን አትተውም። ስለዚህ ጥፋቱ የዘንጉ ይሁን የእጅ በቀላሉ አይታወቅም። ሐኪሟም አትልቀቅ ብላዋለች። እሱ ዘንጉን ይበልጥ ጨመቀው። ግንባሩን አላበው።

ፌንጣ ከኋላው ቆማ ታያለች። ለምን እንደሆነ ገና በውል አልገባትም።

«እስኪ ነይ፣ አንቺ ሞክሪው» አላት። «ለአንቺም ወደ ቀኝ ይሄዳል?»

ተቀመጠች። ገና ዘንጉን ስትይዘው መንኮራኩሯ ወደ ቀኝ መሄድ ጀመረች። ያን ጊዜ ላስቲኩ ትዝ አላት። ሁሉም ነገር ቁልጭ ብሎ ታያት። አሁን ብትናገር «አልነካሁም» ያለችው ሊወጣ ነው። ወንድሟ ከአጠገቧ ቆሞ ይጠብቃል። ምን ብታደርግ ጥሩ ነው ትላላችሁ?

ዘንጉን በስውር ወደ ግራ ሳብ አድርጋ ያዘችው። መንኮራኩሯ ቀጥ አለች። በበሩም ገባች።

«ለእኔ ደህና ነው» አለች።

ወንድሟ የቀኝ እጁን አገላብጦ አየው። ከዚያ ኪሱ ውስጥ ከተተው።

ከዚያ ቀን በኋላ ፌንጣ ሰላም አጣች። ወንድሟ ብርጭቆ በግራ እጁ ማንሣት ጀመረ። ማንኪያውንም በግራ ያዘ። እሱ ማንኪያ ባነሣ ቁጥር እሷ ሳህኗን ወደ ጎን ትገፋለች። «ፌንጣ» ብሎ በጠራት ቁጥር ከመቀመጫዋ ብድግ ትላለች። እሱ ግን የሚጠራት በሩን እንድትዘጋ ወይም ውሃ እንድታቀብለው ነበር። እናቷ ግንባሯን ዳሰሰችና «አያተኩስሽም፤ ምን ሆነሽ ነው?» አለቻት። «ምንም» አለች። «ምንም» ስትል ሌላ ውሸት ጨመረች፤ እሱንም ታውቃለች።

አንድ ቀን ወንድሟ ሲወጣ ጠብቃ ራሷ ልታስተካክለው ኮምፒውተሩን ከፈተች። ያ ገጽ ግን የት እንዳለ አጣችው። አንዱን ስትጫን ሌላ መጣ፤ ያንን ስትዘጋ ሦስተኛ ተከፈተ። «ከነጭራሹ ባበላሸውስ?» አለች በሆዷ። በር ላይ ኮቴ ሰማችና ዘጋችው። የመጣው ሰው መጋረጃ ሊያሰፋ ነበር፤ እሷ ግን እስኪወጣ ድረስ ከኮምፒውተሩ ርቃ ቆመች።

ቅዳሜ ምሳ ላይ ወንድሟ ማንኪያውን አስቀመጠና እናቱን አያት።

«እማዬ፣ ሰኞ ትምህርት ሲከፈት ለንድፍ መምህሩ ቦታዬን ለሌላ ልጅ ይስጡት ብዬ ልነግራቸው ነው።»

እናታቸው ደነገጠች። «ሐኪሟ እየተሻለህ ነው አላለችም?»

«ሐኪሟ ደግ ሰው ስለሆነች ነው። ፌንጣ እንኳን በዚህ ዕድሜዋ ቀጥ አድርጋ ታበርራለች። እኔ አንድ መንኮራኩር ቀጥ ማድረግ አቅቶኝ ቀጥ ያለ መስመር ላሰምር ነው? እጄ አልቆለታል እማዬ።»

ፌንጣ ሳህኗን እያየች ነበር። «ተናገሪ፣ ተናገሪ» ይላታል ውስጧ። አፏን ከፈተች። ወንድሟ ግን ተነሥቶ ወደ ውስጥ ገባ። እናቷ ጉንጯን በእጇ ደግፋ «ነገ ሰንበት ትምህርት ቤት ስትሄጂ» አለቻት፣ «ለወንድምሽ እጅ እንዲጸልዩለት ለመምህርሽ ንገሪያቸው።»

ልጆች፣ እዚህ ላይ እኔም እገባለሁ። መምህሯ እኔ ነኝና።

እሑድ ዕለት ፌንጣ እንደ ልማዷ አልዘለለችም። ወንበሯ ላይ ተሰብስባ ተቀመጠች። እኔም አሟት ይሆናል አልኩ። እንደምታውቁት በትምህርታችን መጨረሻ «ስለ ማን እንጸልይ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ወደ እኔ መጣችና በጆሮዬ ነገረችኝ። ለክፍሉ አሳወቅሁ።

«የትኛው እጁ ነው?» አለ ከሁሉም የሚያንሰው ልጅ።

«ቀኙ» አለች። ድምፅዋ አይሰማም።

ሁሉም ዐይናቸውን ጨፈኑ። ትንሹ ልጅ ራሱ ልጸልይ አለና ጀመረ። «እግዚአብሔር ሆይ፣ የፌንጣ ወንድም ቀኝ እጁን አድንለት። ቤት መሳል ይወዳል። መንኮራኩሩም ወደ ጎን እንዳትሄድበት አድርግለት።» ስለ መንኮራኩሩ ማን እንደነገረው እንጃ፤ በሰፈር ወሬ አይደበቅም።

«አሜን» አሉ ልጆቹ።

አንድ ድምፅ ጎደለ። ዐይኔን ስገልጥ ፌንጣ እጇን አፏ ላይ ጭና ታለቅሳለች። ወደ ውጭ ይዣት ወጣሁ።

«መምህር፣ እጁ አይደለም» አለችኝ።

«ምኑ አይደለም?»

«እጁ አይደለም ያጠፋው። እኔ ነኝ። ልጆቹ እግዚአብሔርን የለመኑት በውሸት ነው፤ እሱ ደግሞ ያውቃል።»

ከዚያ ሁሉንም ዘረገፈችልኝ። ላስቲኩን፣ በስውር የሳበችውን፣ «ለእኔ ደህና ነው» ያለችውን ሁሉ። እኔ ሰምቼ ስጨርስ ልቆጣት ነበር፤ ፊቷን ሳይ ግን ከእኔ ቁጣ በፊት ራሷ ራሷን ስትቀጣ መክረሟ ገባኝ።

«ለእኔ መንገርሽ ደግ ነው» አልኳት። «ግን እጄ አልቆለታል ብሎ የተቀመጠው እኔ አይደለሁም።»

«ይጠላኛል።»

«ሊቆጣ ይችላል። አብሬሽ ልምጣ?»

«አይ፣ ራሴ እሄዳለሁ።» ትንሽ ሄደችና ተመለሰች። «እስከ በሩ ድረስ ብቻ ይምጡ።»

እስከ በሩ አብሬያት ሄድኩ። መንገዱ አጭር ነው፤ ያን ቀን ግን አላልቅ አለን። «ሰኞን ሳይጠብቅ ለመምህሩ ቢነግራቸውስ? ዛሬውኑ ሄዶ ነግሯቸው ቢሆንስ?» ትለኛለች። እናቷ በሩን ከፈተችልንና ግቡ አለችን። ወንድሟ ጠረጴዛው አጠገብ ነበር። የንድፍ እርሳሶቹን በመጠን በመጠናቸው እየለየ ለሌላ ሰው የሚሰጥ ካርቶን ውስጥ ይከት ነበር።

«ወንድም ጋሼ» አለች ፌንጣ። «አንድ ነገር አለ። እጅህ አይደለም። ጆይስቲኩን አንተ ሳትኖር ከፍቼው ነበር። እንዳይንሸራተት ዘንጉን በላስቲክ ወደ ግራ አስሬ ነው የገጠምኩት። ኮምፒውተሩ መሃሉን ጠማማ አድርጎ ነው የያዘው።»

ወንድሟ እጁ እርሳሱ ላይ እንዳለ ቀረ። «አንቺ ስትሞክሪውስ? ቀጥ ብላ ገባችልሽ እኮ።»

«በስውር ወደ ግራ እየሳብኩ ነበር።»

እናቷ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«እጄን ሳገላብጥ ታዪኝ ነበር» አለ ወንድሟ።

«አዎ።»

«በግራ እጄ ስበላም ታዪኝ ነበር።»

«አዎ። ፈርቼ ነው።»

«እኔስ? እኔ ምን ፈርቼ እንደነበር ታውቂያለሽ?» ድምፁ ተሰበረ። ተነሥቶ መስኮቱ ጋ ሄደና ጀርባውን ሰጠን። ፌንጣ ወደ እኔ ዞረች፤ እኔም ወደ እሱ ጠቆምኳት፤ አንዳንዱን ነገር ሰው ቆሞ መቀበል አለበት። እንባዋ አገጯ ላይ ሲንጠባጠብ አልጠረገችውም። «ይቅር በለኝ» አለች። እሱ አልዞረም። እኔ ራሴ ይሄ ልጅ አይዞርም ብዬ ነበር።

በመጨረሻ «ነይ፣ ላስቲኩን የት ላይ እንዳሰርሽው አሳዪኝ» አላት።

አሳየችው። እሱ የጠረጴዛውን ጨርቅ ገፈፈና ጆይስቲኩን ከእንጨቱ ጋር አጣበቀው። ያን የጠፋባትን ገጽ ከፈተው። መስቀለኛ ምልክት ያለበት የእጅ ሥዕል ሲመጣ «እጅሽን ወደ ኋላ» አላት። የራሱንም ወደ ኋላ አደረገ። እናቲቱም ሳታስበው እጇን ወደ ኋላ አደረገች። ዘንጉ ብቻውን መሃል ላይ ቆመ።

ከዚያ ጨበጠው። መንኮራኩሯ ተነሣች። የወንድሟ እጅ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፤ መንኮራኩሯም አብራ ተንቀጠቀጠች። ወደ ቀኝ ግን አላዘነበለችም። በበሩ ስታልፍ ጠርዙን ጫረችው፤ ገባች።

ወንድሟ የቀኝ እጁን ከዘንጉ ላይ ሳያነሣ አየው። «ይቺ መንቀጥቀጥ የእኔ ናት» አለ። «ይቺን ያህሏ ብቻ ነበረች የእኔ። ይቺንማ እችላታለሁ።»

እናቱ ፊቷን በሻሽዋ ሸፈነች።

«ይቅር ብዬሻለሁ» አላት ፌንጣን። «ስትነግሪኝ ወዲያው ለማመን ግን ትንሽ ጊዜ ስጪኝ።»

«እሺ» አለች። ከብዷታል፤ ግን እውነት ስለሆነ ተቀበለችው። ከዚያ ካርቶኑን አነሣችና እርሳሶቹን አንድ በአንድ ወደ ቦታቸው መለሰች። ሰኞ ጠዋት ወንድሟ እነሱን ይዞ ትምህርት ቤት ሄደ።

ልጆቼ፣ ጥፋታችንን ስንደብቀው አይጠፋም፤ ምንም ያላጠፋ ሰው ይሸከመዋል፤ ስለዚህ ስታጠፉ ሳይውል ሳያድር ተናገሩ።